ትንሽ ዲኮምፕሬሽን እስከ የት ነው? የግዴታ ፌርማታ ይዞ በሰላም የመውጣት ዝርዝር መመሪያ

በ28 ሜትር ላይ ነዎት። የዳይቭ ኮምፒውተሩ ያለ ፌርማታ ለመውጣት የቀረዎትን ደቂቃ 2፣ 1፣ 0 ብሎ ቆጥሮ ጨረሰና “3 ሜትር፣ 2 ደቂቃ” አለ፤ ሲወጡ በ3 ሜትር ላይ 2 ደቂቃ ይቁሙ ማለቱ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ጠላቂ ከሁለት ስህተት አንዱን ይሠራል። አንዱ ደንግጦ ወደ ላይ ይፈተለካል። ሌላው “ሁለት ደቂቃ ምን አላት” ብሎ ፎቶ ማንሳቱን ይቀጥላል፤ ቀና ሲል ሁለቷ ደቂቃ ከእጥፍ በላይ አድጋ፣ አየሩ ደግሞ ከጠበቀው በታች ወርዶ ያገኘዋል።

ይህ መመሪያ ሁለቱንም ስህተት ለማስቀረት ነው። ዲኮምፕሬሽን፣ በአጭሩ “ዲኮ”፣ የምንለው በጥልቀት ግፊት ሰውነት ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ቀስ ብሎ እንዲወጣ፣ ወደ ላይ ሲወጡ በተወሰነ ጥልቀት ላይ ቆሞ መጠበቅን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ አብዛኛው የመዝናኛ ዳይቪንግ ስልጠና ያለ ፌርማታ ወደ ላይ ለሚወጣበት ጠለቃ ብቻ የሚሰጥ ነው። እንደ እንግሊዙ ቢሳክ ያሉ ማኅበራት ታቅዶ የሚገባበት አጭር ዲኮምፕሬሽንን ያስተምራሉ። የእርስዎ ፈቃድ ወይም ኢንሹራንስ ይህን የማይሸፍን ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለውን እንደ አደጋ ጊዜ ሥርዓት ብቻ ያንብቡት፤ አቅደው አይግቡበት።

ደረጃ 1፦ መስመሩን ይወቁ

“ትንሽ ዲኮምፕሬሽን” በየትኛውም ደንብ ላይ በአንድ ቁጥር የታሰረ አይደለም። ጠላቂዎች ቃሉን ሲጠቀሙ ግን የሚያስቡት የሚከተሉት ሁሉ በአንድ ላይ ሲሟሉ ነው፦

1. ፌርማታው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከ3 እስከ 6 ሜትር ባለው ውስጥ። ኮምፒውተሩ 9 ሜትር ላይ ቁም ካለ፣ “ትንሽ” የሚለው ቃል እዚያው ያበቃል።
2. የፌርማታው ጊዜ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። እስከ 10 የሚያደርሱት አሉ፤ በአንድ ሲሊንደር ለሚጠልቅ ሰው ግን 10 ደቂቃ ብዙ ነው፤ ምክንያቱን ደረጃ 3 ላይ ሒሳቡ ያሳያል።
3. ጠቅላላው በጀርባ በተሸከሙት ጋዝ ይከናወናል። ሌላ ጋዝ መቀየር አያስፈልግም።
4. ከራስ በላይ ክፍት ውሃ አለ። ዋሻ፣ የሰመጠ መርከብ ሆድ ወይም በረዶ የለም።
5. ጥልቀቱ ከ40 ሜትር አላለፈም።
6. አንዱ አየር ቢጨርስ፣ በሌላው ሲሊንደር ብቻ ሁለቱም ፌርማታውን ጨርሰው መውጣት ይችላሉ።

ወሳኙ ስድስተኛው ነው። ይህ ካልተሟላ የ1 ደቂቃ ፌርማታም ትንሽ አይደለም።

*የጥንቃቄ ፌርማታና የግዴታ ፌርማታ*

አያምታቷቸው። በ5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ የሚደረገው የተለመደው የጥንቃቄ ፌርማታ ችግር ከመጣ ሊዘለል ይችላል። የግዴታ ፌርማታ ግን ጣሪያ አለው፤ በስሌቱ መሠረት ከዚያ ጥልቀት በላይ መውጣት አልተፈቀደልዎትም።

ጣሪያውን ጤናንና በሽታን የሚለይ ግድግዳ አድርገው ደግሞ አይዩት። በአየር፣ በ30 ሜትር፣ ለ20 ደቂቃ የተደረገ አንድ ጠለቃ ይውሰዱ። በዳይቪንግ አሠልጣኙ ድርጅት በፓዲ የመዝናኛ ሰንጠረዥ 20 ደቂቃ የመጨረሻው ገደብ ነው፤ የግዴታ ዲኮምፕሬሽን የለበትም። በፈረንሳይ ባሕር ኃይል ኤምኤን90 ሰንጠረዥ ግን ያው ጠለቃ በ3 ሜትር ላይ 2 ደቂቃ ያስቆማል። ሰውነቱም ናይትሮጅኑም ያው ነው፤ የተለየው መለኪያው ነው። ስለዚህ “ዲኮ አልገባሁም” ማለት ናይትሮጅን አልያዝኩም ማለት አይደለም፤ “ዲኮ ገባሁ” ማለትም ታመምኩ ማለት አይደለም። ሁለት ሰንጠረዥ ቀላቅሎ የሚስማማውን ቁጥር መምረጥ ግን ከሁለቱም ጥበቃ ውጭ ያስቀራል።

*ደቂቃዎቹ ለምን በድንገት ይበዛሉ?*

በዚያው በኤምኤን90፣ በ30 ሜትር ላይ የ3 ሜትሩ ፌርማታ እንዲህ ያድጋል፦

- 20 ደቂቃ ቆይታ፦ 2 ደቂቃ
- 25 ደቂቃ፦ 4 ደቂቃ
- 30 ደቂቃ፦ 9 ደቂቃ
- 35 ደቂቃ፦ 17 ደቂቃ
- 40 ደቂቃ፦ 24 ደቂቃ

ከ20 ወደ 25 ሲሄዱ የተጨመረው 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ከ30 ወደ 35 ሲሄዱ ግን 8 ነው። ኮምፒውተሩ ሰውነትን እንደ አንድ ዕቃ አያሰላም፤ በስፋት የሚሠራበት የቡልማን ስሌት 16 ክፍል አለው። ፈጣኑ በ4 ወይም በ5 ደቂቃ በግማሽ ይሞላል፤ ዘገምተኛው 635 ደቂቃ ይፈጅበታል። መጀመሪያ ፌርማታ የሚያስይዝዎት ፈጥኖ የሞላ፣ ፈጥኖም የሚያራግፍ ክፍል ነው። ቆይታው ሲረዝም ጣሪያውን የሚወስነው ቀስ ብሎ የሚሞላ፣ ቀስ ብሎም የሚለቅ ክፍል ይሆናል። ያን ጊዜ ደቂቃዎቹ ይዘላሉ።

ደረጃ 2፦ ኮምፒውተሩን በደረቅ መሬት ይማሩ

ፌርማታ የሚያሳየውን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በ30 ሜትር ላይ ማየት የለብዎትም። መመሪያውን ይክፈቱና አራት ነገር ፈልገው ያግኙ፦

- ያለ ፌርማታ የቀረው ደቂቃ፣
- የፌርማታው ጥልቀት ወይም ጣሪያ፣
- የፌርማታው ደቂቃ፣
- እስከ ውሃ ገጽ ያለው ጠቅላላ ጊዜ፤ ጠላቂዎች “ቲቲኤስ” ይሉታል።

አንዳንዱ ኮምፒውተር ከፌርማታው ደቂቃ ይልቅ ጠቅላላውን ጊዜ በትልቁ ይጽፋል። በ30 ሜትር ላይ “6” ቢል፣ 6 ደቂቃ ፌርማታ ሳይሆን 3 ደቂቃ ጉዞና 3 ደቂቃ ፌርማታ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ የትኛውን እንደሚያሳይ አሁኑኑ ያረጋግጡ።

ቀጥሎ፦

1. የጋዙን ዓይነት ያስተካክሉ። ትናንት ናይትሮክስ 32 (32 በመቶ ኦክስጅን ያለበት ድብልቅ ጋዝ) ሞልተው ዛሬ በአየር ከገቡ፣ ያልተቀየረው ቅንብር ያልተገባ ደቂቃ ይሰጥዎታል።
2. የጥንቃቄ ደረጃውን ከጓደኛዎ ጋር ያመሳክሩ። ኮምፒውተሩ ግራዲየንት ፋክተር የሚባለውን የጥንቃቄ ቅንብር የሚጠቀም ከሆነ እንደ 40/85 ያለ ጥንድ ቁጥር ያያሉ፤ ሁለተኛው ቁጥር ሲወጡ ለስሌቱ ጫፍ ምን ያህል እንደሚቀርቡ ይወስናል። አንዱ 40/85፣ ሌላው 30/70 ከሆኑ፣ ሁለተኛው ቀድሞ ዲኮ ይገባል። ሁለታችሁም የምትወጡት በጥብቁ ነው።
3. ከባሕር ወለል ከ300 ሜትር በላይ ባለ ሐይቅ ላይ ከሆኑ የከፍታ ቅንብሩን ይመልከቱ።
4. መጠባበቂያ ኮምፒውተር ወይም ጥልቀትና ሰዓት የሚያሳይ መሣሪያ ይያዙ። ከመጀመሪያው ጠለቃ ጀምሮ አብሮ የገባ መሆን አለበት፤ ሳጥን ውስጥ የዋለ ኮምፒውተር ስለ ሰውነትዎ የሚያውቀው የለም።

የጥንቃቄ ደረጃውን በውሃ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ፌርማታውን ማጥፋት አለ። ቁጥሩ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል፤ ናይትሮጅኑ ግን ካለበት አይነቃነቅም።

ደረጃ 3፦ ጋዙን ለሁለት ሰው ያስሉ

“50 ባር ይዘህ ውጣ” የሚለው ደንብ እዚህ አይሠራም። እውነተኛውን ቁጥር እናውጣ፦ ጥልቀት 30 ሜትር፣ ፌርማታ በ5 ሜትር ላይ 5 ደቂቃ፣ ሁለት የደነገጡ ጠላቂዎች፣ እያንዳንዳቸው በውሃ ገጽ ሒሳብ በደቂቃ 30 ሊትር ይተነፍሳሉ።

1. ችግሩን ለመፍታት 1 ደቂቃ በ30 ሜትር (4 ባር)፦ 2 × 30 × 4 = 240 ሊትር።
2. ከ30 ወደ 5 ሜትር መውጣት፣ ወደ 3 ደቂቃ፣ አማካይ ግፊት 2.75 ባር፦ 2 × 30 × 2.75 × 3 = 495 ሊትር።
3. ፌርማታው፣ 5 ደቂቃ በ1.5 ባር፦ 2 × 30 × 1.5 × 5 = 450 ሊትር።
4. ከ5 ሜትር ወደ ገጽ፣ 1 ደቂቃ በ1.25 ባር፦ 75 ሊትር።

ድምሩ 1260 ሊትር ነው። በ12 ሊትር ሲሊንደር 105 ባር፣ በ15 ሊትር ደግሞ 84 ባር ማለት ነው። ባለ 12 ሊትሩ ከ200 ባር ቢነሳ፣ ገና ግማሹን ሳይጨርስ 30 ሜትርን መልቀቅ አለበት።

አሁን 5ቱን ደቂቃ 10 ያድርጉት፤ ሌላ 450 ሊትር ይጨመርና 12 ሊትሩ ላይ 142.5 ባር ይደርሳል። ለታች ቆይታ የሚተርፈው ከ60 ባር ያነሰ ነው፤ መውረጃውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። 10 ደቂቃ ሌላ ስልጠናና ሌላ ዕቃ የሚፈልግ ጠለቃ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የራስዎን ቁጥር አስልተው በውሃ ውስጥ መጻፊያ ሰሌዳዎ ላይ ይጻፉት። የኮምፒውተሩ ደቂቃ የቱንም ያህል ቢፈቅድ፣ ማኖሜትሩ (የሲሊንደሩ ግፊት መለኪያ) እዚያ ሲደርስ መውጣት ይጀመራል።

ናይትሮክስ ካለ ይጠቀሙበት። በናይትሮክስ 32፣ 30 ሜትር ላይ የሚይዙት ናይትሮጅን በአየር ወደ 24.4 ሜትር ገደማ ከሚያዘው ጋር እኩል ነው። በፓዲ ሰንጠረዥ የ30 ሜትር ገደብ 20፣ የ25 ሜትር ደግሞ 29 ደቂቃ ስለሆነ፣ ብዙ “ትንሽ ዲኮ” ከመነሻው አይመጣም። በ1.4 ባር የኦክስጅን ገደብ 32ን ከ33 ሜትር በታች፣ 36ን ከ28 ሜትር በታች አይውሰዱ።

ደረጃ 4፦ የክብደት እርሳሱን ባዶ ሊሆን በቀረበ ሲሊንደር ይፈትኑ

ፌርማታ የሚያበላሸው በአብዛኛው ክብደት ነው። ከ12 ሊትር ሲሊንደር ከ200 እስከ 50 ባር ሲጠቀሙ 1800 ሊትር አየር፣ ማለትም ከ2 ኪሎ በላይ፣ ይቀልልዎታል። በመጀመሪያው ደቂቃ ልክ የነበረ እርሳስ በመጨረሻው ደቂቃ ያንሳል።

1. ቀላል ጠለቃ ሲጨርሱ በ50 ባር 5 ሜትር ላይ ይቁሙ።
2. ቢሲዲውን (በአየር የሚነፋውን የመንሳፈፊያ ጃኬት) ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱ።
3. ፊንዎን (የእግር መቅዘፊያዎን) ሳያንቀሳቅሱ ለ3 ደቂቃ ይቆዩ።
4. ወደ ላይ ከተሳቡ 1 ኪሎ ጨምረው በሚቀጥለው ጠለቃ ይድገሙት።

እዚህ ላይ ሦስት ደቂቃ መቆየት የማይችል ሰው ዲኮ የሚያስይዝ ጠለቃ ማቀድ የለበትም።

ደረጃ 5፦ ታች ላይ

- የቀረው ደቂቃ 5 ሲል ለጓደኛዎ ያሳዩና ወደ ላይ መቅረብ ይጀምሩ።
- ዲኮ የሚገልጸውን ምልክት አስቀድመው ይስማሙ፤ የተለመደው ትንሿን ጣት ብቻ ማንሳት ነው። ቀጥሎ ደቂቃውን በጣት ያሳዩ።
- ቁጥሩ 0 ሆኖ ፌርማታ ከመጣ በዚህ ቅደም ተከተል ይመልከቱ፦ ማኖሜትር፣ ጠቅላላ ጊዜ፣ ጓደኛ። ከዚያ ይነሱ። ፎቶው ይቅር።
- ታች ላይ በኃይል አይዋኙ። ሥራና ሙቀት ደሙ ፈጥኖ እንዲዞር ስለሚያደርጉ ናይትሮጅን በብዛት ይገባል፤ በፌርማታው ሲበርድዎት ደግሞ አወጣጡ ይዘገያል።

ደረጃ 6፦ መውጣት

1. በደቂቃ ከ9 እስከ 10 ሜትር ይውጡ፤ ከዚያ አይፍጠኑ።
2. በመንገድ ላይ አይንጠልጠሉ። በ15 ወይም በ12 ሜትር ላይ ዓሣ ሲያዩ ቢቆዩ ፈጣኑ ክፍል ያራግፋል፤ ዘገምተኛው ግን አሁንም እየሞላ ነው። ጠቅላላው ጊዜ መቀነሱን አቁሞ ከቆመ ወይም ከጨመረ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።
3. ከ10 ሜትር ጀምሮ ቢሲዲውን በትንንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ያስተንፍሱ። ጓደኛ ከጎን እንጂ ከኋላ አይሁን።
4. የምልክት ፊኛውን ወደ ፌርማታው ከመድረስዎ በፊት ይልቀቁ። ክሩን በሰውነትዎ ወይም በቢሲዲዎ ላይ አይሰሩ፤ የክሩ ጥቅልል ከተያዘ ወዲያው ይልቀቁት። ፊኛ ሲነፉ ሳንባን አየር ሞልቶ መያዝ ብቻውን 1 ሜትር ሊያስነሳ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ፌርማታውን መያዝ

ኮምፒውተሩ 3 ሜትር ቢልም፣ ማዕበል ካለ 4.5 ወይም 5 ሜትር ላይ ይቁሙ። ናይትሮጅኑ በትንሹ ይዘገያል፤ ማዕበል ሲያነሳዎት ግን ጣሪያውን አይወጉም። አንዳንድ ኮምፒውተር ደቂቃውን የሚቆጥረው በተወሰነ ክልል ውስጥ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ካልቀነሰ ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው ይሞክሩ።

የእጅ አንጓን ቦታ ያስተውሉ። ጥልቀት የሚለካው ኮምፒውተሩ ባለበት ነው። ቀጥ ብለው ቆመው የፊኛውን ክር ከራስዎ በላይ በያዙበት እጅ ላይ ኮምፒውተር ካለ፣ ደረትዎ 3.6 ሜትር ላይ ሆኖ ኮምፒውተሩ 2.8 ያነባል፤ “ጣሪያ ተጣሰ” ብሎም ይጮሃል። ክሩን በሌላው እጅ ይያዙ፣ ሰውነትዎን በአግድም ያድርጉ።

ደቂቃው ሲያልቅ ወዲያው አይውጡ፦

1. የግዴታው ካለቀ በኋላ አየር ከፈቀደ 3 ደቂቃ ይጨምሩ።
2. ጓደኛዎ ጨርሶ እንደሆነ ያረጋግጡ። ዘግይቶ የጨረሰው ይወስናል።
3. የመጨረሻዎቹን 5 ሜትሮች ቢያንስ በ1 ደቂቃ ይጨርሱ። በዚህች አጭር ርቀት ግፊቱ ከ1.5 ወደ 1 ባር ይወርዳል፤ አረፋ ካለ በግማሽ ያህል ይተልቃል። ፌርማታውን በሥርዓት ጠብቆ እዚህ ላይ በ10 ሰከንድ ብቅ ማለት በጣም የተለመደ ጥፋት ነው።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ

*በፌርማታው ላይ አየር እያለቀ ከሆነ።* ሳይቆዩ ከጓደኛዎ አየር ይቀበሉ፤ ሬጉሌተሩ (መተንፈሻው) መጉተት እስኪጀምር አይጠብቁ። ጓደኛ ከሌለ፣ አየሩ ከማለቁ በፊት ያልተጨረሰ ፌርማታ ቢኖርም ቀስ ብለው ይውጡ። ዲኮምፕሬሽን በሽታ ሕክምና አለው። ያለ አየር ውሃ ውስጥ መቅረት ግን ሞት ነው።

*ከጣሪያው በላይ ከተነሱ።* ገና በውሃ ውስጥ ከሆኑ ወዲያው ወደ ፌርማታው ጥልቀት ይመለሱ፣ ይጨርሱ፣ ተጨማሪ ደቂቃዎችን ይቆዩ። ብዙ ኮምፒውተሮች ጣሪያው ተጥሶ ከቆየ ይቆለፋሉ፤ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ከጥልቀትና ከሰዓት በቀር ምንም አያሳዩም። በሌላ ኮምፒውተር ቁልፉን አይዝለሉት።

*ኮምፒውተሩ ከሞተ።* ወደ 5 ሜትር ይውጡና ይቁሙ። የፓዲ ሰንጠረዥ ደንብ እዚህ ይጠቅማል፦ ገደቡን ያለፉት በ5 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ከሆነ 8 ደቂቃ በ5 ሜትር፣ ከዚያም ለ6 ሰዓት አለመጥለቅ። ከ5 ደቂቃ በላይ ካለፉ አየር እስከፈቀደ ቢያንስ 15 ደቂቃ፣ ከዚያም ለ24 ሰዓት አለመጥለቅ። በምን ያህል እንዳለፉ ካላወቁ ሁለተኛውን ይከተሉ።

*ጓደኛዎን ካጡ።* ዲኮ ይዘው ለፍለጋ አይውረዱ። ለ1 ደቂቃ ዙሪያውን ያዩና ወደ ፌርማታው ይሂዱ።

*ሞገድ ከወሰደዎት።* ከፊኛው ሥር ሆነው አብረው ይንሳፈፉ። ከሞገዱ ጋር መታገል አየሩን ይጨርሳል።

*ፌርማታውን ሳይጨርሱ ገጽ ላይ ከወጡ።* ተመልሰው አይግቡ፤ ሕመም ባይሰማዎትም። ከውሃ ይውጡ፣ ዕቃውን ሌላ ሰው ይሸከም፣ ተጋድመው 100 በመቶ ኦክስጅን ይተንፍሱ፦ ቦርሳ ባለው ማስክ፣ በደቂቃ 15 ሊትር። ነቅተው ከሆነና ካላስመለሰዎት ውሃ ይጠጡ። ለ24 ሰዓት አይጥለቁ።

ደረጃ 9፦ ከወጡ በኋላ ያሉት ሰዓታት

ሲሊንደር ይዘው መሰላል አይሮጡ፣ መልሕቅ አይጎትቱ፣ ትንፋሽ ይዘው አይጥለቁ፣ በጣም ሞቃት ሻወርም ይቆይ።

በአሜሪካ ባሕር ኃይል መረጃ የዲኮምፕሬሽን በሽታ ምልክት በ42 በመቶው በ1 ሰዓት፣ በ60 በመቶው በ3 ሰዓት፣ በ83 በመቶው በ8 ሰዓት፣ በ98 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያል። ስለዚህ ማታም እርስ በርስ ይጠያየቁ፦

- ከሥራው ጋር የማይመጣጠን ድካም፣
- የትከሻ፣ የክርን ወይም የጉልበት ጥልቅ ሕመም፣ ሲጫኑት የማይብስ፣
- የቆዳ ማሳከክ ወይም እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ቀይ ሰማያዊ ምልክት፣
- መደንዘዝ፣ መውረር፣ የእግር መዛል፣ መንገዳገድ፣ ማዞር፣
- ሽንት መሽናት አለመቻል።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከታዩ ሰከንድ አይጥፋ፤ ኦክስጅን አስጀምረው የአካባቢውን የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት፣ ቀጥሎም የጠላቂዎችን ድንገተኛ ጉዳት የሚረዳውን ድርጅት፣ የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክን፣ ይጥሩ። ኦክስጅን ሲሰጥ ምልክቱ ቢጠፋም ወደ ሐኪም መሄዱ አይቀርም፤ ኦክስጅኑ ሲቆም ሊመለስ ይችላል። “ጡንቻ ተስቦኝ ነው” የሚለው ሰበብ ብዙ ሰዓት ያባክናል። ለሐኪሙ የሚሰጡት ኮምፒውተሩን ራሱን ነው፤ የጠለቃውን ታሪክ ይዟልና አያጥፉት፣ ባትሪም አያውጡ።

ለበረራ፣ ያለ ፌርማታ ለተደረገ አንድ ጠለቃ የሚመከረው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋገመ 18 ሰዓት ነው። የግዴታ ፌርማታ ከነበረ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የራቀ መሆን አለበት፤ 2 ደቂቃም ብትሆን 24 ሰዓት ይጠብቁ። ወደ ተራራ በመኪና መውጣትም እንደ በረራ ይቆጠር።